የረጨ ያስረክባል

ለምወድሽና ለማከብርሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ይሻልሻል ወይ? ደረጃ ስትወጪ ‹‹እህህ›› ማለቱን ተውሽው ወይስ ልጆችሽ አሁንም ከኋላ ከኋላሽ እየተከተሉ ይደግሙታል? ጋሼስ ደኅና ናቸው? ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? ትንሹስ የወለቀው ጥርሱ በቀለለት? አክስታችንስ ያ የቀኝ ጆሯቸው ከፈት አለላቸው ወይስ አሁንም የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚሰሙት? የአባባን ነገር ለብቻው ስለምጽፈው እዚህ አልጠይቅሽም፤ ፈርቶ ነው ብለሽ እለፊኝ። እኔ ደኅና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ ታምሜአለሁ ብልሽ ደግሞ የሚያምህን ቦታ አሳየኝ ብትይኝ አላገኘውም። በልቼ አድራለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሲገኝ እስቃለሁም።

በስልክ የላክሽልኝን ድምፅ ሰማሁት። ‹‹አባባ ‘መጣ?’ እያሉ በሩን በሩን ያያሉ፤ ሐኪሙ እንኳ እስካሁን መቆየታቸው ገርሞታል፤ አንተ ግን ዛሬ ነገ እያልክ ከረምክ፤ ለመሆኑ ፖም ከአባትህ በለጠብህ?›› አልሽኝ። እትዬ፣ በጥፊ ብትመቺኝ ይሻለኝ ነበር። የዚያን ዕለት መልስ ያልሰጠሁሽ ተቆጥቼ ነው፣ ምን ይዋሻል። ‹‹ይቺ ሴትዮ እዚያ ሆና ምን ታውቃለች!›› ብዬ ስልኩን አልጋው ላይ ወረወርኩት። ኋላ ሳስበው ግን፣ እውነትም ምን ታውቂያለሽ? መቼ ነገርኩሽ? ‹‹ሥራ ይዞኝ ነው›› ከማለት በቀር እንዴት አድርጎ እንደያዘኝ አልነገርኩሽም። በስልክ ልንገርሽ ብል ገና ሳልጀምር ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ እኔ መቀለድ እጀምራለሁ፤ ነገሩ በዚያው ተድበስብሶ ይቀራል። ስለዚህ ጻፍኩት። ረዘም ይላልና ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

የምሠራው የፖም እርሻ ውስጥ ነው ብዬሻለሁ። እርሻው ዳገቱን ይዞ ይወርዳል፤ ከግርጌው የፍሬ ማከማቻው አለ፣ መስኮት የሌለው ረጅም ቤት። እኔ የምተኛው ከማከማቻው በላይ ባለች ክፍል ነው። ወለሉ በበጋም ይቀዘቅዛል፤ ማቀዝቀዣው ከሥሬ ሆኖ ቀን ከሌት ያንጎራጉራል። መጀመሪያ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር፤ አሁን ደግሞ ለአፍታ ዝም ሲል ነው ብንን የምለው። ከመስኮቴ የሚታየኝ የጭነት መኪናዎቹ መዞሪያና የግቢው ብረት በር ነው። የዚያን በር ቁልፍ፣ የማከማቻውን ቁልፍ፣ የቢሮውን ቁልፍ፣ ሁሉንም ቀበቶው ላይ አንጠልጥሎ የሚዞር አለቃ አለን፤ ስሙን ትተን ባለቁልፉ ነው የምንለው። እሱ ከመምጣቱ በፊት ቁልፉ ይመጣል፤ ሲንሿሿ ስንሰማ ወሬያችንን ዋጥ አድርገን ሥራ ላይ የነበርን እንመስላለን። ፓስፖርቴም እሱው ዘንድ ነው። የተቀጠርኩ ዕለት ‹‹እንዳይጠፋብህ›› ብሎ መሳቢያው ውስጥ ቆለፈበት። እውነቱን ነው፣ አልጠፋብኝም። እሱ ካልፈረመልኝ ደግሞ ከዚህ አገር በየትም በኩል መውጣት አልችልም፤ የዚህ አገር ሕግ እንዲህ ነው።

አሁን ዋናውን ስሚኝ። ፖም ዛፉ ላይ ሳለ አምሮበት፣ ቀይ ጉንጩን አሳይቶሽ፣ ከተለቀመ በኋላ ማከማቻ ውስጥ ከራርሞ ከልጣጩ ሥር ቡናማ ነጠብጣብ ያወጣል። ስትቆርጪው ነጠብጣቡ ያለበት ቦታ ቡሽ ሆኗል፤ ብትቀምሺው ይመርራል። ትል አይደለም፣ ተላላፊም አይደለም፤ ፍሬው ካልሲየም ጎድሎበት ነው ይላሉ፣ ያ ለልጆች አጥንት ይበጃል የሚሉት ነገር። ከሥሩ በአፈር በኩል ብትሰጪው ቅጠሉ ቀድሞ ይጠጣዋል፣ ለፍሬው የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ፍሬው ገና ሳያድግ፣ ጥፍር ሲያህል ጀምሮ እስከ ለቀማ ድረስ ካልሲየሙን በውኃ በጥብጠን ደጋግመን እንረጨዋለን። የረጨሽው ራሱ ፍሬው ላይ ካላረፈ ግን ድካም ብቻ ነው። ቅጠል ላይ የወደቀው የቅጠል ነው፤ ለፍሬው አያካፍልም፣ ያው እንደ ሰው። በጠራራ ፀሐይ ከረጨሽ ያቃጥላል፤ ካወፈርሽውም ያቃጥላል፤ ነፋስ ካለ ደግሞ የጎረቤትን ዛፍ ስትቀልቢ ትውያለሽ።

ባለቁልፉ አንድ ደንብ አለው። ድሮ ሠራተኛ ረጭቶ ይሄዳል፤ ፍሬው ማከማቻ ውስጥ ሲበላሽ ረጪው ለቃሚውን፣ ለቃሚው ሾፌሩን፣ ሾፌሩ ማቀዝቀዣውን ያማል። ይኼ መካሰስ ሲሰለቸው ለያንዳንዱ ረጪ የራሱን መደዳ ዛፎች ሰጠ፤ ዛፎቹ ላይም የየራሱን ቀለም ጨርቅ አሰረ። ፍሬው ሲለቀም ለብቻው አንድ ክፍል ይገባል፣ በሩ ላይ ያው ጨርቅ ይንጠለጠላል። ክፍሉ ተከፍቶ፣ ፍሬው ታይቶ፣ መኪና ላይ እስኪጫን ድረስ ረጪው የትም አይሄድም። ‹‹የረጨ ያስረክባል›› ነው ቃሉ። ፈቃድ የሚባል ነገር ከርክክብ በኋላ ነው። የእኔ ጨርቅ ሰማያዊ ነው። ደንቡን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሰው ጥፋት እኔ ላይ አይላከክም ብዬ። አይ ሞኝነት!

እኔ ደግሞ የማን ልጅ ነኝ? የልብስ ሰፊው ልጅ። አባባ ገበር ውስጥ የሚገባውን፣ ማንም የማያየውን ስፌት ጠማማ ሆኖ ካገኙብን ፈትተው እንደገና ያሰፉን አልነበር? አንቺማ አንዴ አልቅሰሽ መርፌውን ምንጣፍ ሥር ደብቀሽ ጋሼ ሊያጩሽ የመጡ ጊዜ ረግጠውት ጮኹ። ‹‹የሚለብሰው ሰው ያውቀዋል›› ነበር የሚሉን። እኔም ያው ሆንኩ። ፀሐይ ሳትበረታ መርጫውን ጀርባዬ ላይ አዝዬ እወጣለሁ። ቅርንጫፉን በግራ እጄ ገለጥ አድርጌ መሐል የተደበቀችውን ፍሬ ፈልጌ አረጥባታለሁ። ሌሎቹ ‹‹ገላዋን እያጠባት ነው›› እያሉ ይሥቁብኝ ነበር። ጀርባዬ ተላጠ፣ ጣቶቼ ነጭ ሆነው ተሰነጣጠቁ። ባለቁልፉ ይህን ሲያይ ከርሞ ‹‹አንተ ጥሩ ሰው ነህ፤ ክፍልህ እንደተከፈተ አባትህን አይተህ ትመጣለህ፤ ቃሌ ነው›› አለኝ። እኔም በደስታ ‹‹መጣሁ!›› ብዬ ደወልኩላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከጎኔ ያሉትን ዛፎች የሚረጨውን ሰው ነፋሱ ነው የምንለው። የልጆች አባት ነው፣ ሣቂታ። ሥራ ሲጀምር ታይዋለሽ፣ ሲጨርስ ታይዋለሽ፤ መሐሉን ግን ያየ የለም። ውጭ ውጭውን በቁመቱ ልክ ይረጭና ጥላ ሥር ጋደም ብሎ ‹‹የቀረውን ዛፉ ራሱ ያከፋፍለው›› ይላል። ‹‹ተው፣ ኋላ ጉድ ይፈላብሃል›› ስለው ‹‹አንተ የፖም ሞግዚት!›› ብሎ ይሥቅብኛል። ለቀማ ደረሰ፣ ፍሬው ሁሉ እኩል አምሮ ገባ። እንዲያውም የሱና የኔ ጎን ለጎን ሲታይ የሱ ይበልጥ ነበር፤ ማዳበሪያው ላይ እጁ ስለማይሰስት ፍሬው ትልልቅ ነው። እኔማ በቅናት ሞቼ ነበር።

ክፍሎቹ ከሞሉ በኋላ በሮቹ ይታሸጋሉ፣ ውስጥ ያለው አየርም ይቀነሳል። ፍሬው የሚተነፍሰው ሲያንሰው መብሰሉን ያቆማል፣ ተኝቶ ይከርማል። ሰው ቢገባበት ግን ራሱን ስቶ ይወድቃል። በሩ ላይ መዳፍ የምታህል ክዳን አለች፤ ናሙናው በሷ በኩል በመንጠቆ ይወጣል። በየጊዜው አንድ ባለሙያ ይመጣል፣ የፍሬ ሐኪም እንለዋለን። ፖሙን በመለኪያው ወጋ ያደርጋል፣ ይቆርጣል፣ ይቀምሳል፣ ይተፋል። ፍሬው የደከመበት ክፍል ቶሎ ይከፈታል፤ የጠነከረው ይቆያል፣ ምክንያቱም የሌላው ሰው ፖም ከገበያ ሲጠፋ ነው የኛ የሚወደደው። ይህን የነገሩኝ ዕለት ነው ሒሳቡ የገባኝ። እስቲ አስቢው፤ የደከመው ቀድሞ ይወጣል፣ የጠነከረው ይቆያል፣ የረጨ ደግሞ ያስረክባል። ታዲያ እኔ መቼ ነው የምወጣው?

የነፋሱ ክፍል ገና በመጀመሪያው ምርመራ ነጠብጣቡ እንደ ፈንጣጣ ፍጥጥ ብሎ ወጣ። ባለቁልፉ ጮኸ፣ ቆቡን መሬት ላይ ጣለ፤ ክፍሉ ወዲያው ተከፍቶ ፍሬው ለጭማቂ ፋብሪካ ተጫነ። ነፋሱን ‹‹ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!›› ብሎ ፓስፖርቱን ወረወረለት፣ ፈረመለትም። ነፋሱ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሊሰናበተኝ መጣና ‹‹በርታ ወንድሜ፣ አንተ እኮ ጎበዝ ነህ›› አለኝ። አሁን አገሩ ገብቷል። ልጆቹ ሆዱ ላይ ተደርድረው ፎቶ ልኮልኛል። እኔም የኔን ሽልማት አግኝቻለሁ፤ ባለቁልፉ ‹‹ይገባሃል›› ብሎ አዲስ ፍራሽ ገዛልኝ። ለሰነፍ ፓስፖርት፣ ለጎበዝ ፍራሽ! ወይ ጉድ!

የኔ ክፍልማ ምን ልበልሽ። የፍሬ ሐኪሙ በመጣ ቁጥር መለኪያውን ተጭኖ ‹‹ድንጋይ!›› ይላል። ይቆርጠዋል፣ ውስጡ ነጭ ነው። እኔንም ያቀምሰኛል፤ ቀጭ ይላል፣ ውኃው አገጬ ላይ ይወርዳል። ሁሉም ጀርባዬን መታ መታ ያደርጉኛል፣ እኔም ጥርሴን አሳያለሁ። በዚህ ግቢ ውስጥ ሰው ሁሉ ፍሬ እንዳይበላሽ ይጨነቃል፤ እኔ ብቻ እንዲበላሽልኝ እለምናለሁ። አንዲት ነጠብጣብ! አንዲት ብቻ! ሌሎቹ ክፍሎች ተራ በተራ ተከፈቱ፣ ሌሎቹ ረጪዎችም ወደየቤታቸው ሄዱ። አሁን ከሰማያዊው ጨርቅ በቀር በር ላይ የቀረ ጨርቅ የለም። ቀን ቀን ቅርንጫፍ እቆርጣለሁ፣ ሳጥን እጠግናለሁ፣ ምሳዬን ከሾፌሮቹ ጋር እበላለሁ። እነሱ ጭነታቸውን ይዘው ሲወጡ ብረት በሩ ከኋላቸው ሲዘጋ ላለማየት ፊቴን አዞራለሁ።

አልጠየቅክም እንዳትይኝ። ጠይቄአለሁ፣ ለምኜአለሁ፣ ያንቺን ድምፅ ሳይቀር ከፍቼ አሰምቼዋለሁ፤ ቋንቋው ባይገባው ልቅሶው ይገባዋል ብዬ። እስከ መጨረሻው ሰማና ‹‹የኔም አባት የሞተ ጊዜ እኔ ለቀማ ላይ ነበርኩ›› አለኝ። በክፋት አይደለም ያለው፤ ትከሻዬን ይዞ ነው፣ ዓይኑ እንባ አዝሎ። እኔን የገደለኝ ይኼ ነው። ክፉ ቢሆን ሰድቤው ይወጣልኝ ነበር። ‹‹ደንቡን ላንተ ካላላሁት ነገ በሁሉም ይላላብኛል›› አለ፤ ከዚያ ወዲያ ብለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ። ከተማ ወርጄ የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት አቤት ብል ‹‹የአሠሪህን ፊርማ አምጣ›› ብለው መለሱኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በዚያ ላይ የምሥራች ብሎ የነገረኝን ስሚ። ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ጀምረዋል። ‹‹ዘንድሮ እርሻውን በሙሉ አንተ ትረጫለህ፤ እንዳንተ ያለ ሰው አላገኘሁም›› አለኝ። የኔ ክፍል እስኪከፈት አዲሱ ፍሬ መረጨት ይጀምራል፤ አዲሱን ከረጨሁ ደግሞ የረጨ ያስረክባል። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኼ ነው። ሰው አበባ ሲፈነዳ ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ቅርንጫፍ ስቆርጥ እንቡጥ ባየሁ ቁጥር የሚመጣውን ርጭት እቆጥራለሁ።

ያለፈው እሑድ ግቢው ባዶ ነበር፤ ባለቁልፉም ዘመድ ሊጠይቅ ሄዶ ነበር። ወርጄ ሰማያዊው ጨርቅ ያለበት በር ፊት ቆምኩ። ያቺን ትንሽ ክዳን ከፍቶ መተው ብቻ ነው፤ አየር ይገባል፣ ፍሬው ይነቃል፣ ይላሽቃል፣ ክፍሉ ይከፈታል፣ ይፈረምልኛል ብዬ አሰብኩ። ብሎኖቹን ፈታሁ። ክዳኑን ሳነሣው ሽታው ፊቴን መታኝ፤ የከረመ ፍሬ ሽታ አይደለም፣ ልክ የተለቀመ ዕለት የነበረው ነው። ቆሜ አሸተትኩት። ጨዋ ሆኜ መለስኩት ብዬ አልዋሽሽም፤ ፈርቼ ነው። የአየሩን ልክ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ ይነቃብኛል፣ ያኔ የሚጠብቀኝ እስር ቤት እንጂ ፊርማ አይደለም። ግን ፍርሃት ብቻም አልነበረም መሰለኝ። እነዚያ ከቅርንጫፍ መሐል እየፈለግኩ ያረጠብኳቸው ፍሬዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። አሳዘኑኝ። ከፈለግሽ ሣቂብኝ። ክዳኑን ገጥሜ፣ ብሎኖቹን አጥብቄ፣ ክፍሌ ወጥቼ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቄ አለቀስኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ድምፅሽን ደግሜ የሰማሁት። በዚህኛው ጊዜ ስድብሽን ትቼ የአባባን ነገር ብቻ ሰማሁ። እግራቸው አብጧል። ጎናቸው በመተኛት ብዛት ቆስሏል። ውኃ እንኳ በማንኪያ ነው። ሲያገላብጧቸው ያቃስታሉ። ‹‹እየመጣ ነው›› ስትያቸው ግን ዓይናቸውን ገለጥ ያደርጋሉ፣ ከማንኪያውም ይቀበሉሻል። ሐኪሙን የገረመው ይኼ ነው። እኔን ግን አልገረመኝም፤ ምን እንደሚያቆያቸው አወቅኩት። እኔና አንቺ ነን ያቆየናቸው። እኔ ‹‹መጣሁ›› እልሻለሁ፣ አንቺ ‹‹እየመጣ ነው›› ትያቸዋለሽ፣ በየቀኑ፣ አንድም ቀን ሳታስታጉዪ። ያ ቃል ነው አጥንታቸውን ይዞ ያለው። እኔ ደግሞ አልመጣም እትዬ። ይኸው ጻፍኩት፤ እስከዛሬ ለራሴም ብዬው አላውቅም። እሳቸው የማይመጣ ሰው እየጠበቁ ነው የሚሠቃዩት።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሻለሁ። ‹‹እየመጣ ነው›› አትበያቸው፣ ይብቃ። ጠዋት ጠዋት ቀለል ይላቸዋል ብለሽኛል፤ ያኔ ከጎናቸው ቁጭ በይና እጃቸውን ያዢ። አክስታችንን አታስጠጊ፣ ቀድመው ይጮኻሉ። ‹‹አባባ፣ ልጅዎ አይደርስም። ደኅና ነው፣ ሥራ ይዞት ነው። ሥራውንም እርስዎ እንዳስተማሩት ነው የሚሠራው። ከእንግዲህ አይጠብቁት›› በያቸው። ልክ እንዲህ ነው፤ አትጨምሪበት፣ አታሳምሪው። ቢቆጡ ይቆጡ። ቢያለቅሱ አብረሽ አልቅሺ። ‹‹ምን ዓይነት ሥራ ነው?›› ካሉሽ የክዳኑን ነገር ዝለይና ሌላውን አንብቢላቸው፤ የሥራ ነገር ከሆነ ይገባቸዋል። ከዚያ በኋላ ማንኪያውን እምቢ ቢሉሽ ‹‹እኔ ገደልኳቸው›› ብለሽ እንዳታስቢ። እኔ ነኝ ያልኩሽ፤ በኔ ይሁን። የሆነው ሲሆን ደውይልኝ። ስልኩን ሳላነሣው ብቀር ሰምቼአለሁ ማለት ነው።

ጋሼን አክብሬ እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ፤ አባባን አንሥተው የሚያገላብጡት እሳቸው መሆናቸውን አውቃለሁ፣ ወገባቸውን ይጠብቁ። ትልቋን በርቺ በይልኝ፤ በርትቶ መሥራት ምን እንደሚያመጣ ግን አጎትሽን ጠይቂ አትበያት። የትንሹን ጉንጭ ሳሚልኝ። አክስታችንን በግራ ጆሯቸው በኩል ጮክ ብለሽ እንደምን ነዎት በይልኝ። ለአንቺ ደግሞ ጉልበትሽን ስሜአለሁ፤ የኔን ድርሻ ሁሉ የተሸከመ ጉልበት ነው። ለአባባ ግን ሰላምታ አልላክኩም። የላክኩት ስንብት ነው።

ታናሽ ወንድምሽ

ከማከማቻው በላይ ካለችው ክፍል
እሑድ፣ መጋቢት ፳፪ ቀን